ያቺ ጨርቅ

እድፍ ይዞ ከቤታችን የሚወጣ ነገር አልነበረም። አባባ ይህን የሚለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ይኖርበት ነበር። ልብስ ማጠቢያ ቤት ነበረን። ከፊት ለፊት ደንበኛ የሚቀበልበት ባንኮኒ፣ ከኋላ ሁለት ትልልቅ ማሽኖች፣ ከማሽኖቹ ጀርባ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ የተወጠረበት ግቢ። የምንኖረው ከላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው። ማሽኖቹ ሲዞሩ አልጋዬ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዛሬ አርባ አንድ ዓመት ሆኖኝ እንኳ ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም።

የአባባ ትልቁ ደንበኛ አንድ ሆቴል ነበር። አርብ አርብ የሆቴሉ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ሰውዬ ነው። አንሶላዎቹን አንድ በአንድ እየገለጠ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሳቸዋል። እሱ ሲያነሳ አባባ ትንፋሹን ይውጣል። አንድ ጊዜ ሦስት አንሶላ ላይ ነጠብጣብ አገኘና ወር ሙሉ ሥራውን ነጥቆ ለሌላ ቤት ሰጠብን። ያን ወር አባባ እህል በአፉ ዞረ ማለት አይቻልም። ስለዚህ በስምንት ዓመቴ ስለ ዓለም የማውቀው ትልቁ ነገር ይህ ነበር፦ እድፍ ካዩብህ ያለህን ይወስዱብሃል።

እኔም ሥራ ነበረኝ። ካልሲ አጣምራለሁ፣ መቆንጠጫ እለቅማለሁ፣ የቤታችንን ፎጣ አጥፋለሁ። የሆቴሉን አንሶላ ግን እንዳልነካ ተከልክያለሁ። እኔ ግራ እጄ ነው የሚቀናኝ። ሰው ሁሉ አጥፎ ሲጨርስ የጨርቁ ክፍት ጎን ወደ ቀኝ ይሆናል፤ የእኔ ወደ ግራ። ከመቶ ፎጣ መሃል የእኔዋ ከሩቅ ትታያለች።

"ይቺ ልጅ ያጠፈችው ጨርቅ እኮ ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ ይጠፋዋል" ትላለች አክስቴ ካውያዋን እየገፋች።

አክስቴ የአባባ እህት ናት፤ መተኮስ የእሷ ነው። ምላሷ ከካውያዋ ይሞቃል።

ወንድሜ የተወለደው እንግዲህ እዚህ ቤት ውስጥ ነው። ሲወለድ ደንዳና፣ ጮሆ የማይጠግብ ልጅ ነበር። በሳምንቱ ፊቱ ቢጫ አለ። ሁሉም "አራስ ልጅ መቼስ ቢጫ ይላል፣ ፀሐይ አሙቂው" አሉ። እማዬም ጠዋት ጠዋት በአንሶላዎቹ መሃል ቁጭ ብላ ታሞቀዋለች። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፣ ወር ሆነ፤ ቢጫነቱ ዓይኑ ውስጥ ገባ እንጂ አልለቀቀም። አክስቴ "ወርቄ" ያለችው ያኔ ነው። "እሰይ! በዚህ ነጭ በነጭ በሆነ ቤት ትንሽ ቀለም ገባልን" አለችና ስሙ በዚያው ጸና። እኔ እውነትም ከወርቅ የተሠራ ነበር የሚመስለኝ። ለጓደኞቼ በተራ በተራ አሳየው ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ልጁን አየችና "ወፍ እንዳይሆንበት ብቻ" አለች። ቢጫ የሚያደርገውን በሽታ የወፍ በሽታ እንደሚሉት ማን ነግሮኝ! ሳምንቱን ሙሉ ገመዱ ላይ የሚያርፉትን ወፎች በድንጋይ ሳባርር ከረምኩ። አንዱ ድንጋይ የደንበኛ ሸሚዝ መታ፤ ተገረፍኩ። ስለ ወንድሜ ስል መገረፌ ነው ብዬ ኮራሁ።

የወርቄን የሽንት ጨርቅ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ጓደኞቼ የወንድሞቻቸው ጨርቅ ስንት ጊዜ ታሽቶ እንኳ ቢጫ እንደሚተው ሲያማርሩ እኔ እስቅባቸው ነበር። የወርቄ ካካ ነጭ ነው፤ እንደ ሊጥ። አንድ ውኃ ይበቃዋል። ሽንቱ ብቻ ሻይ የተደፋበት ይመስላል፤ እሱን በሳሙናና በፀሐይ እታገለዋለሁ። "እንደ ወርቄ ንጹሕ ልጅ የለም" እያልኩ አወራለሁ፤ አባባም "የልብስ አጣቢ ልጅ ነዋ!" ይለኛል፣ ራሴን እየዳበሰ።

አሁን የማውቀውን ያኔ ብናውቅ ኖሮ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተክለን እናለቅስ ነበር። የሕፃን ካካ ቢጫ የሚሆነው በሐሞት ነው። ሐሞቱን ጉበት ይሠራና በቀጭን ቱቦ ወደ አንጀት ይልከዋል። የወንድሜ ቱቦ ተዘግቶ ነበር። ከአሥር ሺህ፣ ከአሥራ አምስት ሺህ ልጅ አንዱ ላይ ነው አሉ የሚደርሰው። መውጫ ያጣው ሐሞት ወደ ኋላ ተመልሶ ጉበቱን ይበላል፤ የተረፈው በቆዳ፣ በዓይን፣ በሽንት ይወጣል። እኔ በየቀኑ የምኮራበት ንጣት ወንድሜ እየሞተ መሆኑን የሚናገር ነበር።

መጀመሪያ የነቃችው የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። ወርቄ ስድስት ሳምንት ሞልቶት ለክትባት ሄድን። ሰኞ ነበር። እኔ የእማዬን ቦርሳ ይዤያለሁ። ነርሷ መርፌውን አዘጋጅታ ዓይኑን ስታየው እጇ ቆመ። ወደ መስኮቱ ወሰደችው፤ ልክ እንደ ሆቴሉ ተቆጣጣሪ ወደ ብርሃን አነሳችው። እኔም ልክ እንደ አባባ ትንፋሼን ዋጥኩ።

"ካካው ምን ይመስላል?" አለቻት እማዬን።

"ነጣ ይላል።"

"ምን ያህል ነጣ?"

እማዬ ዙሪያዋን አየችና ግድግዳውን ጠቆመች። ግድግዳው ኖራ የተቀባ ነው። ነርሷ ቁጭ ብላ ወረቀት ጻፈች፤ ስትጽፍ ብዕሩ ወረቀቱን ይበሳዋል።

"ስሚኝ እህቴ፣ ልብ ብለሽ ስሚኝ። ትልቁ ሆስፒታል የሕፃናት ጉበት ሐኪም በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ይመጣል። የሚመጣው ነገ ነው። እንዳያመልጥሽ። ካካ ያለበትን አንድ ጨርቅ ሳታጥቢ፣ እንዲሁ እንዳለ፣ ይዘሽለት ሂጂ። በወሬ አያምኑም፤ በዓይኑ ይየው።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የፈራሁት ከሆነ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። እሱም ስልሳ ቀን ሳይሞላው ነው። ከዚያ ካለፈ ጉበቱ አይጠብቅም።"

ወርቄ ያን ቀን አርባ ሁለት ቀኑ ነበር። እማዬ መንገዱን በሙሉ በጣቷ ስትቆጥር አየኋት።

ማታ ጨርቋን በፌስታል ቋጥራ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀለቻት። አክስቴ አየችና "ኧረ በሕግ! ከዚህ ቤት እድፍ ተሸክመሽ ልትወጪ ነው? ወንድሜ ቢያይሽ ይታመማል!" አለች። ነገሩን ወደ ሳቅ ልትወስደው ነበር፤ እማዬ ግን አልሳቀችም። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ካልሲ አጣምራለሁ።

"ካዩት ምን ይሉሻል?" አለች አክስቴ ቀስ ብላ።

"ካዩትማ ከዚያው ያስቀሩታል። ሆዱን ይቀዱታል።"

"ይሄን ጨቅላ? ሆዱን?"

"ሆዱን" አለች እማዬና እንባዋ መጣ። "ያስቀሩት ብቻ። ይህን ጨርቅ ይዩልኝና ይቅደዱት።"

የመጨረሻውን ጆሮዬ ሰምቶታል፤ ልቤ ግን አልሰማውም። የያዝኩት ይህንን ነው፦ ጨርቋን ካዩ ወርቄን ይወስዱታል፤ ሆዱን ይቀዱታል። እማዬ ደግሞ እያወቀች፣ እያለቀሰች፣ ጨርቋን ይዛ ልትሄድ ነው። ትልቅ ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚያደርገውን አያውቅም ብዬ ፈረድኩባት። እድፍ ማስለቀቅ ከዚህ ቤት ሰው የበለጠ የሚያውቅ አለ እንዴ?

ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ ወርቄን ታጠባለች፤ የሚጠባበት ድምፅ ይሰማል። ፌስታሉን ከሚስማሩ አወረድኩና በባዶ እግሬ ወደ ታች ሮጥኩ። ሲሚንቶው በረዶ ነበር። ጨርቋን በሳሙና አሸሁ፣ ካካው ወዲያው ለቀቀ። የሽንቱ ቢጫ ግን እንቢ አለኝ። በረኪናውን አወረድኩ። አባባ በረኪና እንዳልነካ ስንቴ ነግሮኛል! ለመለካት ጊዜ የለም፤ ደፋሁት። ጣቶቼ መሃል ያሉት የሳሙና ቁስሎች ተቃጠሉ፣ ዓይኔ አነባ፣ ቢጫው ግን ለቀቀ። ከዚያ የአክስቴን ካውያ ሰካሁ። ካውያው እስኪግል የፈጀው ጊዜ ከዕድሜዬ ይረዝም ነበር። ላይ ቤት የእማዬ ጫማ ይሰማኛል፤ ወዲህ ሲል፣ ወዲያ ሲል።

"የት ገባች ይቺ ልጅ?" አለች ከላይ።

"ሽንት ቤት ነኝ!" አልኩ፤ እንፋሎቱ ፊቴ ላይ እየወጣ።

ጨርቋ እስክትደርቅ ተኮስኳት። አራት አድርጌ አጠፍኳት። በፌስታሉ አስገብቼ ልክ እማዬ እንደቋጠረችው ቋጠርኩ፤ ለመቋጠሪያው ጥርሴን ተጠቀምኩ። ሚስማሩ ላይ ስመልሳት እማዬ ልጁን አዝላ ከመጋረጃው ወጣች። ፌስታሉን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችው። አልከፈተችውም። ለምን ትክፈተው? ማንም ሰው እድፍ ያለበት ጨርቅ ገልጦ አያይም።

ያን ቀን ትምህርት ቤት የተማርኩትን ብትጠይቁኝ ምንም አላውቅም። ከትምህርት ቤት መጥቼ ባንኮኒው ሥር ተቀምጬ መንገዱን ሳይ ዋልኩ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እማዬ ከአውቶቡስ ወረደች። ጀርባዋ ላይ ወርቄ አለ! ሮጬ ወጣሁና በሩ ላይ እየዘለልኩ "መለሱልን! መለሱልን!" ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም።

እማዬ ቆማ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ገባች።

"እህስ?" አላት አባባ።

"የጡት ወተት ነው አለ። አንዳንድ ልጅ የእናቱ ወተት ቢጫ ያደርገዋል፤ ራሱ ይለቃል፤ በሁለት ሳምንት መልሺው አለኝ። የደም መመርመሪያ ማሽኑም ተበላሽቷል።"

"ጨርቁንስ አየው?"

እማዬ ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። "ተሳስቼ ንጹሑን ነው ይዤ የሄድኩት። ነጭ ነው ብለው በወሬ አላመነኝም።"

አባባ መጀመሪያ የገባው አልመሰለኝም። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። "አንዲት ጨርቅ! አንዲት ነገር ይዘሽ ሂጂ ተባልሽ! አንዲት!" ባንኮኒውን በጡጫ ሲመታው መቆንጠጫዎቹ ተበተኑ። እማዬ ወርቄን ከጀርባዋ አወረደችው። እኔ መሬት ላይ የተበተኑትን መቆንጠጫዎች እየለቀምኩ ዝም አልኩ። ደግ የሠራ ሰው አያወራም ብዬ ነበር፤ ደግሞ በበረኪናው እገረፋለሁ።

ማታ ስተኛ እማዬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጄን አነሳች። ጣቶቼ ተላልጠው ቀልተው ነበር። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ከዚያ የወርቄን ቅባት አምጥታ አንድ በአንድ ቀባችኝ፤ መሃል ለመሃላቸው ሳይቀር። አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ልጅ ሁሉ የሚወደድበት ቀን አለውና ይህ የእኔ ነው ብዬ ተኛሁ።

የሆስፒታሉ ካርድ ዛሬም አለ። ሐኪሙ በተጣደፈ እጅ "ሰገራ፦ አልታየም" ብሎ ጽፎበታል። ሁለት ቃል።

ከዚያ በኋላ ያሉት አሥራ አራት ቀናት ክፉ ነበሩ። የወርቄ ሆድ ከበሮ ሆነ፤ ስትነካው ይጠነክራል። ቢጫነቱ ወደ አረንጓዴ አጋደለ። ቆዳው ያሳክከው ነበር መሰለኝ፣ በዚያች በማትታዘዝ እጁ ፊቱን ይቧጥጣል። እማዬ በሦስተኛው ቀን ሌላ ጨርቅ ይዛ ሆስፒታል ሄዳ ነበር፤ ተረኛው "የጉበት ሐኪሙ የለም፣ ቀጠሮሽን ጠብቂ" ብሎ ከበር መለሳት። በሳምንቱም ሄደች፤ ያው መልስ። ቤት ውስጥ ማንም አይስቅም። አክስቴ እንኳ ዝም ብላ ትተኩሳለች። አባባ ለእማዬ የሚናገረው በእኔ በኩል ነበር፤ "እናትሽን ሳሙና የት ነው በያት" ይለኛል፣ እሷ እዚያው አጠገቡ ቆማ።

በሁለተኛው ማክሰኞ እማዬ ሦስት ጨርቅ ብብቷ ሥር ይዛ ሄደች። ሌሊቱን አቅፋቸው ነው ያደረችው፤ ልሰርቃቸው ፈልጌ አልቻልኩም። ማታ ወርቄን ይዛ አልተመለሰችም፤ እሷም አልተመለሰችም። አክስቴ "አስቀሩት፣ ተመስገን" አለች። ተመስገን! እነዚህ ሰዎች አብደዋል አልኩ። እማዬ ወንድሜን በገዛ እጇ እንደሸጠችው ነበር የታየኝ። ትራሷን መሬት ላይ ጥዬ ረገጥኩት።

ምርመራው ቀናት በላ። የቀዶ ጥገናው ቀን ሲደርስ ወርቄ ስልሳ አምስት ቀን ሆኖት ነበር። አባባ ይዞኝ ሄደ። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ በረኪና በረኪና ይሸታል፤ እንደ ቤቴ። እማዬ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ከስታለች። ቀዶ ሐኪሟ አጭር ሴት ናት፤ ቆቧን በእጇ ይዛ መጣች። ለአባባ ነው የተናገረችው፣ ግን ሁላችንም ሰማን።

"የተዘጋውን ቱቦ አውጥተን አንጀቱን ወደ ላይ ስበን ከጉበቱ ጋር እናገናኘዋለን። ሐሞቱ መንገድ ካገኘ ይወርዳል። ካላገኘ…" ቆቧን አጠፈችው። "ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ብትመጡልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያኔ ዕድሉ የተሻለ ነበር።"

"መጥተን ነበር እኮ!" አለ አባባ፤ ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው። "ያቺ ጨርቅ ናት! እሷ ተሳስታ ንጹሕ ጨርቅ ይዛ መጥታ ነው! ሐኪሙ ምን ይይ?"

ሰዎች ዞረው እማዬን አዩዋት። እሷ ጉልበቷን አየች።

በስምንት ዓመት ሁሉም ነገር አይገባህም፤ ይህ ግን ገባኝ። ሆዱን የሚቀዱት ሊያድኑት ነው። ቀደም ብለው ሊቀዱት ይችሉ ነበር። ያላስቀደድኩት እኔ ነኝ። ተነሳሁና "እማዬ አልተሳሳተ—" አልኩ።

"ዝም በይ!" አለችኝ እማዬ።

በሕይወቷ ጮሃብኝ አታውቅም። እጄን ይዛ ጨመቀችኝ፤ አጥንቴ እስኪያመኝ። "ትልቅ ሰው ሲናገር ልጅ አይገባም። ቁጭ በይ።"

ቁጭ አልኩ። አውቃለች፣ ጠልታኛለች ብዬ አሰብኩ። ድምፄንም መስማት አትፈልግም። ከዚያ በኋላ አፌን አልከፈትኩም፤ እውነቱን ለመናገር ደፍሬ አላውቅም።

ቀዶ ጥገናው ግማሽ ቀን ፈጀ። ወርቄ ወጣ፤ ሆዱ ከጎን እስከ ጎን በጨርቅ ተጠቅልሎ። ከዚያ የሚቀረው መጠበቅ ነው። ሐሞቱ ከወረደ ካካው ቀለም ይይዛል፤ ካልወረደ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ይኸው ነው። ዕድሜውን በሙሉ ቢጫን ሲያሳድድ የኖረው አባባ ሥራውን ለአክስቴ ትቶ አልጋው ሥር ቆሞ ቢጫ ይለምናል። ጨርቅ በተፈታ ቁጥር ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው፤ ወደ መስኮቱ ወስዶ ወደ ብርሃን ያነሳዋል። ሁለተኛው ቀን ነጭ። አራተኛው ቀን ነጭ። በስድስተኛው ቀን "ትንሽ ቀለም የለውም?" አለ፤ ነርሷ "የለውም አባት" አለችው። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ነኝ። ወርቄ ከሞተ እነግራቸዋለሁ ብዬ ማልኩ። ከዚያ ደግሞ ወርቄ ከሞተ እኔም ልሙት አልኩ። ይህን የሚል የስምንት ዓመት ልጅ ማንም አያየውም፤ ወንበር ሥር ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል፤ ልጅ ነው ይሉታል።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እማዬ ጨርቁን ፈታች። አላወራችም። አባባን በዓይኗ ጠራችው። አባባ ጨርቁን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ። ጀርባው ነው የሚታየኝ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁና አለቀልን ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ።

"ቢጫ!" አለ አባባ። "ቢጫ ነው! ኧረ ቢጫ ነው!"

እና ያ ሰውዬ፣ ያ በአንዲት ነጠብጣብ ወር ሙሉ የሚጾም ሰው፣ ካካ ያለበትን ጨርቅ እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጎ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ለጽዳቷ ሴት አሳያት፣ ለዘበኛው አሳየው፣ ቆሞ አሳንሰር ለሚጠብቅ ለማያውቀው ሰው አሳየው። ሰውዬው ወደ ኋላ ሸሸ። ቀዶ ሐኪሟ መጥታ አየችና አፏን በእጇ ያዘች። እማዬ ጨርቁን ከእጁ ተቀበለች። "ይታጠብ?" ብላ ነርሷ እጇን ብትዘረጋ "አይታጠብም" አለች።

ወርቄ ዛሬ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። በየስድስት ወሩ ጉበቱን ይታያል፤ አልፎ አልፎ ትኩሳት ይጥለዋል፤ ሆዱ ላይ ካለው ጠባሳ በቀር ሲያዩት ምንም አይመስልም። የጉበት ሐኪሞች ሲያዩት ይገረማሉ፤ ብዙዎቹ እንደሱ ያሉ ልጆች እስካሁን ሌላ ጉበት ተፈልጎላቸዋል፤ ያላገኙም አሉ። ሁለቱ ሳምንታት ምን ያህል እንደበሉት አንዱን ሐኪም ጠይቄው ነበር፣ ለሌላ ሰው የምጠይቅ መስዬ። "ማን ያውቃል?" አለኝ። ከዚያ የከፋ መልስ የለም።

አባባ ግን ያውቅ ነበር፣ በራሱ ቤት። ወርቄን ባተኮሰው ቁጥር "ያቺ ጨርቅ" ይላል። ወርቄ ከትምህርት ሲቀር ያቺ ጨርቅ፤ ወርቄ ሲከሳ ያቺ ጨርቅ። እያደር ቀልድ ሆነች። ወርቄ ራሱ እማዬ ከቤት ስትወጣ "ቦርሳሽን አየሽ? ጨርቅ እንዳትሳሳቺ" ይላታል፤ እሷም ትስቃለች፤ እኔ ተነስቼ ወደ ማሽኖቹ እሄዳለሁ። አባባ አምና ሞተ። በመጨረሻው ሳምንት እንኳ እጇን ይዞ "ያቺን ጨርቅ ይቅር ብዬሻለሁ" አላት። እሷም "አመሰግናለሁ" አለችው። እኔ እዚያው ነበርኩ። እዚያው!

ባለፈው ቅዳሜ የእማዬን ቁም ሣጥን ስናጸዳ ከታች አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አወጣሁ። የክትባት ካርዱ፣ የሆስፒታሉ ካርድ፣ ከሥራቸው ሁለት የሽንት ጨርቆች። አንደኛው ላይ ያረጀ ቡናማ እድፍ አለ። ሁለተኛው ነጭ ነው፤ አራት ተደርጎ የታጠፈ። ክፍቱ ጎን ወደ ግራ።

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። "መቼ አወቅሽ?"

እማዬ መነጽሯን አወለቀች። "ሐኪሙ ፊት ፌስታሉን ስፈታው። ይህን አጣጠፍ ከአንቺ በቀር ማን ያውቀዋል?"

"ሠላሳ ሦስት ዓመት! አባባ ሲሰድብሽ፣ ወርቄ ሲቀልድብሽ…"

"ተናድጄብሽ ነበር" አለች። "አትመልከቺኝ እንዲህ፤ ሰው ነኝ። አውቶቡሱ ውስጥ 'ደርሼ ቆዳዋን ነው የምገፈው' ስል ነበር። ደረስኩ፤ አንቺ በሩ ላይ 'መለሱልን' እያልሽ ትዘያለሽ። እጄ ዛለ። ለምን እንዳጠብሽው ያኔ ነው የገባኝ።"

"ኮሪደሩ ላይ ልናገር ነበር። ዝም በይ አልሽኝ።"

"እንዴታ! ልጁ ቢሞትስ? እኔን 'እናት ናት፣ ደንግጣ ረሳች' ይሉኛል፣ ያልፋል። አንቺን ግን ወንድሟን የገደለች ይሉሽ ነበር፤ አባትሽም ሳይፈልግ በዚያ ዓይን ያይሽ ነበር። ስምንት ዓመትሽ ነበር እኮ። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ እችለዋለሁ።"

ለማልቀስ እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። ደረጃው ላይ የወርቄ ጫማ ተሰማ፤ ሁለት ሁለት እየዘለለ ነው የሚወጣው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ። እማዬ ጨርቆቹን ቀልጠፍ አድርጋ ወደ ሣጥኑ መለሰች። እጄን ያዘችና ጨመቀችኝ፤ ልክ እንደ ኮሪደሩ።

ወርቄ በበሩ አንገቱን አስገባ። "ምንድን ነው እሱ?"

"ምንም" አለች እማዬ። "አሮጌ ጨርቅ ነው።"

"ያቺ ጨርቅ እንዳትሆን ብቻ!" አለና ሳቀ።

እጄን ከእማዬ እጅ አስለቀቅኩ። "ዝም በይ" አለችኝ፣ በሹክሹክታ፣ እንደመለመን። ሣጥኑን ከፈትኩና ነጯን ጨርቅ አውጥቼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኳት።

"ና ቁጭ በል ወርቄ" አልኩት። "እማዬ ጨርቅ አልተሳሳተችም።"